ሁሉም የመጡበት ማለዳ

ከቤቴ ጀርባ ጋራዥ አለ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሠራተኛ ከባድ ክብ ብረት ሲሚንቶው ላይ ይጥላል። ምን ብረት እንደሆነ ወጥቼ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ አንዴ ጓ ይላል፤ ከዚያ በጠርዙ እየዞረ፣ እየፈጠነ፣ እስኪተኛ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ሚስቴ በዚህ ድምፅ ትማረራለች፤ «ነገ ሄጄ ካልተጣላኋቸው» እያለች ስትዝት ዓመት አለፈ። እኔ ግን ዓይኔን ሳልገልጥ ነቀምቴ እገባለሁ። እርጥብ ቆርቆሮ፣ ዝገትና ትኩስ ዳቦ ይሸተኛል። ዝገትና ዳቦን ምን አገናኛቸው ትለኝ ይሆናል፤ ቆይ፣ እነግርሃለሁ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ የሚኖሩት ጊዳ አያና ነው፤ አያቶቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት አገር። እኔ ነቀምቴ አክስቴ ዘንድ አርፌ እማር ነበር። ቀጫጫ ስለነበርኩ አክስቴ «ነፋስ ሲነሳ ቤት ግባ፣ ኋላ ፍለጋ እንዳልወጣ» እያለች ትቀልድብኛለች። ጂም የገባሁትም በዚሁ እልህ ነው እንጂ ለጤናዬ አስቤ አይደለም።

ጂም ስልህ አሁን እንዳሉት መስታወትና ሙዚቃ ያለበት ቤት እንዳይመስልህ። ወደ ሲሬ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ የተቀጠለ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ባለሱቁ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ኦሮምኛውን ከአገሬው ሰው እኩል ይተርትበታል። ከሱቁ ያልተሸጠ ብረት ሁሉ ወደ ጓሮው ይገባል። ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ የጭነት መኪና ብረት፣ ያረጀ የፍሪሲዮን ሰሃን፣ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ዘንግ፣ ሁሉም እዚያ ክብደት ሆነው ይነሳሉ። «እኔ ዘንድ የከሰረ ዕቃ የለም፤ ወይ ይሸጣል ወይ ይነሳል» ይል ነበር። የምንተኛበት አግዳሚ ወንበር ጆንያ የለበሰ ጣውላ ነው። ዝናብ ሲመጣ፣ ነቀምቴ ላይ ደግሞ የማይመጣበት ቀን የለም፣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው።

ባለሱቁ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ማንም ሰው ብቻውን ከብረት ሥር አይተኛም። የሚያነሳው ወንበሩ ላይ ሲንጋለል ጥንዱ ከራስጌው ይቆማል፤ እጆቹን ከዘንጉ ሥር ዘርግቶ ይጠብቃል። ክንድ ሲከዳ ብረቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ሕግ ጥንድ የሚመረጥበት ነው። አዲስ የገቡትን ሁሉ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በእጃቸው ያንጠለጥላቸዋል። እኩል የወደቁ ይጣመራሉ። ዘመዴ ነው፣ የሰፈሬ ልጅ ነው ብትለው አይሰማህም። «ጓደኛህን ውጭ ምረጥ፤ እዚህ ክንድህ ይምረጥልህ» ይልሃል።

እኔ በተንጠለጠልኩ ዕለት ከጎኔ ትከሻው የሰፋ፣ ቅንድቡ ላይ ነጭ ዱቄት ያለበት ሰው ነበር። ቀድሜ እንደምወድቅ ስለማውቅ ለማፈር ተዘጋጅቼ ነበር። ሰውየው ግን ሌሊቱን ሊጥ ሲያሽ አድሮ ነው የመጣው፤ ክንዱ ዝሏል። የእኔ ጣቶች ሲላቀቁ የእሱም ተላቀቁ፤ ሁለታችንም እኩል መሬት ላይ ተዘረጋን። እዚያው ተንጋሎ ሳቀ። «ተኝቼ ብመጣ ኖሮ ሰው ይደርሰኝ ነበር» አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥንዴ ሆነ።

ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል። እሱም የጊዳ አያና ሰው ነው፤ የእነሱን መንደርና የእኛን መንደር የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው። እሱ ኦሮሞና ጴንጤ፣ እኔ የሰፋሪ ልጅና እስላም። በዚያን ጊዜ ይህን ለይቶ የሚያወራ ሰው ቢገኝ ሥራ የፈታ እንለው ነበር። እኔ ስገፋ እሱ በኦሮምኛ ይቆጥርልኛል፣ እሱ ሲገፋ እኔ በአማርኛ። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እንቀመጣለን፣ እንነሳለን። ከመጋዘኑ ውጭ ያለውን አቀበት ተዛዝለን እንወጣለን፤ እኔ እሱን አዝዬ ስወጣ ጉልበቴ ይብረከረካል፣ እሱ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። «አህያዬ አዲስ ናት፣ አትፍረዱባት» ይላቸዋል።

ከሥራ በቀጥታ ነበር የሚመጣው። ተጣሞ የተጋገረ ዳቦ ለሠራተኛ ስለሚሰጥ ያን በፌስታል ቋጥሮ ያመጣል። ስፖርቱን ጨርሰን፣ ላባችን ሳይደርቅ፣ በዝገት በቀላ እጃችን እየቆረስን እንበላለን። ይኸው ነው ዝገትና ዳቦን ያገናኛቸው። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ሚስቴ ፊት አልናገረውም እንጂ እውነቱ እሱ ነው።

ጋጋሪው ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ወሬው ሁሉ ታናሽ ወንድሙ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደገው እሱ ነው። ወንድሙ አሁን ከእናታቸው ጋር ሆኖ ያርሳል፤ የበቆሎ ጆንያ ብቻውን ከአህያ ላይ ያወርዳል፤ ዘፈን ይችላል፤ የሚያየው ሁሉ ይወደዋል። አዝመራው ሲገባ ነቀምቴ መጥቶ ጂም ሊገባ ነው። «ያኔ አንተን አባርርሃለሁ» ይለኛል።

«መጀመሪያ ይንጠልጠል» እለዋለሁ።

«እሱን የሚያህል መንጠልጠያ የት ተገኝቶ» ይላል። ስለ ወንድሙ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ቀናሁ ብልህ ትስቅ ይሆናል፤ ግን ትንሽ ቀንቻለሁ።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። አንተም ሰምተኸዋል፤ ዝርዝሩን አልነግርህም፣ ከዝርዝሩ የተጠቀመ ሰው አላየሁም። መንገድ ተዘጋ። የገጠሩ ስልክ ተቋረጠ። ከጊዳ አያና የሚመጣ ሰው ሁሉ የየራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል። ከወንዙ ወዲያም ከወንዙ ወዲህም ለቅሶ እንደነበረ ግን ሁሉም ይናገር ነበር።

ጂም ውስጥ አንድም ጠብ አልተነሳም። ማንም ማንንም ክፉ አልተናገረም። ብቻ አንድ ጠዋት፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር ነበር፣ ጥንዱ የባጃጅ ነጂ ነው፣ መምህሩ ወንበሩ ላይ ሊተኛ ብሎ ተመለሰ። «ትከሻዬን አሞኛል» አለ። የባጃጅ ነጂው «እግዜር ይማርህ» ብሎት ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። በሌላ ቀን ሌላው ጥንዱን ትቶ ከአገሩ ልጅ ጋር ቆመ። ተንጋለህ፣ ጉሮሮህ ላይ ብረት አንዣቦ፣ ከራስጌህ የቆመው ሰው የማን ወገን ነው ብለህ ማሰብ ከጀመርክ ክንድህ አይታዘዝህም። መጀመሪያ ጥንዶቹ ተለያዩ፤ ቀጥሎ ሰዎቹ መምጣት ተዉ። በመጨረሻ ባለሱቁ፣ ጋጋሪውና እኔ ብቻ ቀረን።

አክስቴም ትሰጋ ነበር። ጫማዬን ሳስር በሩ ላይ ቆማ «አብሽር ልጄ፣ ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። የሰው ልብ ግን በምን ይታያል? አንገትህን ለሰው አትስጥ» አለችኝ። እኔ መሄዴን አልተውኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። ወላጆቼ ደኅና ይሁኑ አይሁኑ በማላውቅበት በዚያ ሰሞን ምንም ሳልነግረው የሚገባው ሰው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። እሱም የእናቱንና የወንድሙን ድምፅ ከሰማ ሰንብቷል። ከራስጌዬ ቆሞ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብሎ ሲቆጥርልኝ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ሁሉ ይረሳኝ ነበር።

ጋጋሪውን ያሳዘነው ግን የመጋዘኑ ዝምታ ነበር። «ብረቱ አይደለም የናፈቀኝ፤ ጫጫታው ነው» ይላል። ከሥራ ሲወጣ ባጃጅ ተራው ጋ ሄዶ ነጂውን ትኩስ ዳቦ ያበላዋል፣ «ና እንጂ» ይለዋል። መምህሩን መንገድ ላይ ጠብቆ ይለምነዋል። ሁሉም እሺ ይላሉ፤ ማንም አይመጣም። ባለሱቁን «ደውልላቸው» ሲለው «እምነት በስልክ አይጠራም፣ ልጄ» ይለዋል። ጋጋሪው ግን ተስፋ አይቆርጥም። ማንም አንስቶት የማያውቅ ትልቅ ቮላኖ ግድግዳው ሥር ተደግፎ ነበር፤ እሱን በእግሩ መታ እያደረገ «ሁሉም የመጡ ዕለት ይህንን እጨምራለሁ» ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ደውሎ «ቶሎ ና» አለኝ። ስደርስ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ጨለማው ውስጥ ተቀምጧል። የጋጋሪው አጎት፣ የእናቱ ወንድም፣ ከሲሬ ደውሎለት ነበር። የጋጋሪው ታናሽ ወንድም ተገድሏል። በማን እጅ እንደሞተ አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የታወቀው እዚያው መንደራቸው መቀበሩ ብቻ ነው። አንድ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አይቼው የማላውቀው ልጅ ነበር፤ ግን እንደ ወንድሜ አነባሁለት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃለህ። በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ትልቅ ሰው ከፊት ሆኖ ይነገራል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። አጎትየው ለባለሱቁ «ነቀምቴ ላይ ዘመድ የለውም፤ ዘመዱ እናንተ ናችሁ። ሰብስቡና ጠብቁኝ፣ ሽማግሌ ይዤ በማለዳ እደርሳለሁ» ብሎታል። ጋጋሪው ከሥራ በቀጥታ የሚመጣው ጂም ስለሆነ የምንሰበሰበውም እዚያ እንዲሆን ተነጋገርን። ባለሱቁ መነጽሩን አደረገና መደወል ጀመረ። የባጃጅ ነጂው «መጣሁ» አለ። መምህሩም ነገሩን እስኪጨርስለት አልጠበቀም፤ «ስንት ሰዓት?» ብቻ ነው ያለው። ለወራት ያልታዩ ሰዎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እሺ አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። መጋዘኑ ሞልቷል። ሁሉም ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከብረቶቹ መካከል ቆሟል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከቆርቆሮው ላይ ጠብታ ይወርዳል፤ ጉሙ በበሩ ይገባል። መምህሩና የባጃጅ ነጂው ጎን ለጎን ቢቆሙም አይነጋገሩም። መምህሩ ስስ ሹራብ ብቻ ነበር የለበሰው። ብርዱ ሲጠናበት ነጂው ጋቢውን ከፍቶ ግማሹን ደረበለት። መምህሩም ተጠጋ።

አጎትየው ዘገየ። ባለሱቁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ «ኬላ ላይ ቆመዋል፣ ትንሽ ጠብቁ ነው የሚለው» አለን በሹክሹክታ። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ጋጋሪው የዳቦውን ፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

አየን። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ያህል ጋቢ የለበሰ ሰው በማለዳ ቆሞ ሲያይ ወዲያው ይገባው ነበር። እሱ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቀን የኖረው ለሌላ ነገር ነው። አንገታችንን መድፋታችንን በመቅረታችን ያፈርን መሰለው። ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግርህ አልችልም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም።

«አከም ቡልተን» አለ፤ እንዴት አደራችሁ። ፌስታሉን አስቀምጦ አንድ በአንድ ያቅፈን ጀመር። «ተዉ፣ ቀና በሉ፤ እኔ እኮ አልተቀየምኩም። ጊዜው ነው፣ ሰው ምን ያድርግ» እያለ ያጽናናናል። መምህሩ ጋ ሲደርስ «ትከሻህ ዳነ?» አለው። መምህሩ «ዳነ» ለማለት አፉን ከፈተና አለቀሰ። ጋጋሪው በእጅጌው እንባውን ጠረገለት፤ የመምህሩ ጉንጭ ላይ ዱቄት ቀረ። እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ ነህ የሰበሰብካቸው። አውቄያለሁ፣ አንተ ነህ» አለኝ። ግንባሬን ሳመኝ። ባለሱቁ ዞሮ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ከዚያ ዳቦውን ቆርሶ ለሁሉም አደለ። «ብሉ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» ይላል። ማን ይዋጥለት? ሁላችንም ቁራሹን ይዘን ቆምን። የእኔ በጣም ትኩስ ነበር፤ መዳፌን ያቃጥለኛል፣ ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንኳን ማዛወር አልቻልኩም።

ጋጋሪው ትልቁን ቮላኖ እየገፋ ወደ ዘንጉ ሲያመጣው ባለሱቁ «ተው፣ ዛሬ ደክመሃል፣ ሌላ ቀን ይደርሳል» አለው።

«ዛሬ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?» አለ ጋጋሪው። ማንስ ይከልክለው? ለመከልከል ምክንያት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን የሚናገረው ሰው ደግሞ ኬላ ላይ ቆሟል። ባለሱቁ ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ሄዶ ሌላውን ጫፍ ራሱ አገዘው። ጋጋሪው ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፤ ወደ ላይ አይቶኝ «ኮቱ» አለኝ፤ ና ማለቱ ነው። ከራስጌው ቆምኩ። ፊቱን ከላይ ሆኜ ሳይ ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት ከላቡ ጋር ሊጥ ሆኖ ነበር።

ዘንጉን ከማረፊያው አወጣው። ወደ ደረቱ ወረደ። ሲገፋው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ክንዶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ። «አይዞህ»፣ «ጀባዱ»፣ «በርታ»፣ ሁሉም በየቋንቋው፣ ባለው ጉልበት። መምህሩ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «ግፋው ወንድሜ፣ ግፋው» ይላል። የባጃጅ ነጂው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነው የሚጮኸው። ጩኸት ውስጥ ስለሆነ ልቅሶአችን አልታወቀም። እጆቼ ከዘንጉ ሥር ነበሩ፤ አልነካሁትም። ብረቱ ቀስ እያለ ወጣ፣ ክንዱ ቀና አለ፣ እኔና ባለሱቁ ይዘን መለስነው።

ተነስቶ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይስቅ ነበር። «ወንድሜ ይህን ብነግረው አያምነኝም» አለ። «እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ። ሲመጣ ትነግሩልኛላችሁ።»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። አጎትየው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፤ ካፖርቱ በዝናብ ርሷል።

ጋጋሪው «ኤሱማ» አለ፤ አጎቴ ማለት ነው። ድምፁ ውስጥ ገና ደስታ ነበር። ተነሳና ሊቀበለው አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። አጎቱን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። ዞረና እኛን አየ። ጋቢያችንን፣ እጃችን ላይ የቀዘቀዘውን፣ ማንም ያልቀመሰውን ዳቦ አየ።

«ከናፊ ዱፍተን?» አለ በቀስታ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረ፤ መምህሩ ኦሮምኛ እንደማይችል ያውቃል። «ለዚህ ነው የመጣችሁት?» ብሎ በአማርኛ ደገመው። አጎትየው የያዘውን ቃል ሳይናገረው ቀረ። ጋጋሪው ጉልበቱ ሲታጠፍ በዚያ ቤት የወደቀ ሰው መያዝ የለመድን ነንና ሁላችንም ያዝነው።

የለቅሶውን ድንኳን ጋጋሪው በተከራየው ቤት ግቢ ውስጥ ተከልን። እንጨቱን እኛ ተሸከምን፣ ወንበሩን እኛ ደረደርን፣ ውኃውን እኛ ቀዳን። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ለቅሶ ከመጡት የኦሮሞ እናቶች መካከል ተቀምጣ በወሎ ዜማ ስታለቅስ፣ እነሱ በራሳቸው ቋንቋ ይቀበሏት ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ያን ልጅ ክፉ እንዳሰብኩበት አላህ ይቅር ይበለኝ» አለችኝ። ጋጋሪው ራሱ ብዙ አይናገርም ነበር። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ይሄዳል። ተቀይሞን ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን አንዳችን ለመሄድ ስንነሳ እጃችንን ይዞ መልሶ ያስቀምጠን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ከአጎቱ ጋር ወደ እናቱ ሄደ። «ብቻዋን ናት» አለኝ። መኪናው እስኪነሳ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር፤ ስለ ዝናቡ አወራን። እዚያው ቀረ። የወንድሙን መሬት ያርሳል ሲሉ ሰማሁ። የእኛ ቤተሰብ ደግሞ በሕይወት ተገኝቶ ወደ ነቀምቴ መጣ፤ ከጎረቤቶቻችን ግን ያልመጡ ነበሩ።

የሚገርምህን ልንገርህ። ከለቅሶው በኋላ ጂሙ ሞላ። ድንኳኑ በተነቀለ በቀጣዩ ሳምንት መምህሩ መጣና ማንንም ሳያይ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። የባጃጅ ነጂው ሄዶ ከራስጌው ቆመ። ከዚያ ሌሎቹም በየጥንዳቸው ተመለሱ። ጋጋሪው በስሕተት ያመነው ነገር እውነት ሆነ፤ እሱ ራሱ ግን አልነበረም። ባለሱቁ አዲስ ጥንድ እንዲደርሰኝ ላንጠልጥልህ ሲለኝ እምቢ አልኩ። አልተጫነኝም። ሱቁን ለሚስቱ እየተወ ከራስጌዬ እሱ ይቆም ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ቢወርድ ሁለታችንንም ነው የሚጨፈልቀን።

የገጠሩ ስልክ የተመለሰው ብዙ ቆይቶ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሁሉም እየጮኸ፣ የባጃጅ ነጂው «እንደውልለት» አለ። ደስ አለን። ጫጫታው እንደሚናፍቀው እናውቃለን፤ ጫጫታውን እናሰማዋለን። ደወልኩ፣ አነሳ። ድምፁ ከብዷል፤ የገበሬ ድምፅ ሆኗል። ሰላም ተባባልን፤ ስለ እናቱ ጠየቅሁት። ከዚያ ስልኩን ወደ ሰዎቹ አዙሬ አስጮህኳቸው። «ትሰማለህ? ሁሉም እዚህ ናቸው። አንድም የቀረ የለም» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አለኝ። ማን ነው የሞተው?

እጄን አንስቼ ሰዎቹን ዝም አሰኘኋቸው። «ማንም አልሞተም» አልኩት። «እመነኝ፣ ማንም አልሞተም። ስፖርት ልንሠራ ነው የመጣነው።» በአማርኛ ነገርኩት፣ በኦሮምኛ ደገምኩት። ትንፋሹ ይሰማኛል። በመጨረሻ «አንድ በአንድ ስጠኝ» አለ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እያንዳንዱን «አለህ?» ይለዋል፤ እያንዳንዱ «አለሁ» ይላል። ባለሱቁ መለሰለት፣ የባጃጅ ነጂው መለሰለት፣ መምህሩ መለሰለት። በዚያ ቤት ዝናብ ሳይኖር እንደዚያ ዝም ብለን አናውቅም። ስልኩ ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ «አንተስ አለህ?» አለኝ። ድምፄን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰማው ነበር እኮ።

«አለሁ» አልኩት።